ትልቁ ታምቡር ዝም ያለባቸው ሐሙሶች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጀርመን፣ ጋሉስ የሚባለው ሰፈር፣ ሐኪም ጋ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቴ ነው፣ ነበረኝ። የጉልበት ጣጣ ነው፤ አርባ ዓመት የሰው አገር ወለል ሲወለውል የኖረ ጉልበት መቼም አንድ ቀን ማጉረምረሙ አይቀርም። ከዚያ እንደወጣሁ ክራንች፣ የወገብ መቀነትና የአሮጊት ካልሲ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ፤ የክራንቼ ጎማ አልቆ እርጥብ ድንጋይ ላይ ሊደፋኝ ደርሶ ነበር። በሩን ስገፋው የአዲስ ጎማ ሽታ ተቀበለኝ። ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው ወይ የእናቱ ጓዳ ትዝ ሲለው ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፤ እኔን ደግሞ ጎማ። ወረፋዬን ያዝኩ። ከፊቴ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ፀጉሯን ግማሹን አረንጓዴ የቀባች ልጅ ቆማለች። እሷም የምትፈልገው ጎማ ነው። ሻጯ ለምን ዓይነት ክራንች እንደሆነ ስትጠይቃት፣ ልጅቱ ክራንች አይደለም ብላ ከጎኗ ያስደገፈችውን ረጅም ዘንግ ባንኮኒው ላይ አጋደመችው። መነጽሬን ከግንባሬ ላይ አወረድኩ። መቋሚያ ነው። ካህናት በማኅሌት የሚደገፉት፣ የሚያሸበሽቡበት መቋሚያ፣ በጋሉስ፣ ባለ አረንጓዴ ፀጉር ልጅ እጅ። ይሄ አልበቃ ብሎ አንገቱ ላይ ስንጥቁን ይዞ የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦ አለ። ያንን ሽቦ የጠመጠምኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ፣ ፒንሳ ከጎረቤት ተውሼ።

ያኔ ዘመኑ የማርክ ነበር። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ጀርመንን ለሁለት የከፈለው ግንብ ከፈረሰ ትንሽ ቆይቷል፣ ኦይሮ የሚባለው ገንዘብ ደግሞ ገና አልመጣም። የጋሉስ ቤቶች ኪራይ ርካሽ፣ ደረጃቸው ጨለማ፣ ማሞቂያቸው የሚንኳኳ ነበር። ትራም ፌርማታው ጥግ ላይ ያለችው ኪዮስክ ቡና በአንድ ማርክ ትሸጥልን ነበር፤ ባለቤቷ ሴትዮ የስልክ ካርድ ስንገዛ ወደ አገር ቤት ልንደውል መሆኑን ስለምታውቅ፣ እናቴን በስም እያነሳች ሰላም በይልኝ ትለኛለች። ልብሳችንን ያየ ሰው ይስቅ ነበር፤ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት፣ በእጥበት የነጣ ጂንስ፣ ከላይ ነጠላ። እኔ ገና አርባ አልሞላኝም። ሌሊት ተነስቼ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ አውሮፕላን ውስጥ አጸዳለሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ማታ ጋሉስ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ስፖርት አዳራሽ እጠርጋለሁ። ባል ነበረኝ፣ ሄደ፤ እሱ ለዚህ ወሬ አያስፈልግም። ከሥራ፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከእንቅልፍ በቀር ለራሴ ብዬ የያዝኩት አንድም ነገር አልነበረኝም። ይሄን አሁን ነው የማውቀው፤ ያኔ ሕይወት ማለት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ አዳራሽ ሐሙስ ማታ የሰፈሩ የታምቡርና የዋሽንት ማኅበር ይለማመዳል። ፌራይን ነው የሚሉት፤ ጀርመኖች ሦስት ሆነው ከተሰበሰቡ ፌራይን ያቋቁማሉ። ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ናቸው፤ የባቡር ሠራተኛ፣ የዳቦ ቤት ሻጭ፣ ጡረተኛ፣ ሁለት ክሮአቶች። በበጋ ሰማያዊ ኮትና ነጭ ጓንት አድርገው፣ ኮፍያቸው ላይ ላባ ሰክተው፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ከሌሎች ከተሞች ማኅበሮች ጋር ይወዳደራሉ። እኔ በበጋ አይቻቸው ቢሆን ኖሮ ሽርሽር ነው ብዬ አልፍ ነበር። ያየኋቸው ግን በብርዱ ነው። ውድድሩ የሚሠራው በብርዱ ወራት እንደሆነ ማን ያውቃል? በኅዳር ታምቡሮቹን ፈትተው ቆዳቸውን ይቀይራሉ፣ ብሎኑን ዘይት ይቀባሉ። አዲሱን የማርሽ ዜማ ተከፋፍለው ያጠናሉ፤ ዋሽንቶቹ ክፍል ውስጥ፣ ታምቡሮቹ አዳራሹ ውስጥ። ከዚያ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምሩና ያለ ሙዚቃ መራመድ ብቻ። ዙር፣ ቁም፣ ከመጀመሪያው። አንድ መታጠፊያ ለማስተካከል ሁለት ወር ሲፈጁ አይቻለሁ። እኔ ጠመኔውን ስለምጠርግ እነሱን አልወድም ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

መሪያቸው ሆርስት ይባላል፤ ስድሳ ሊሞላው የደረሰ፣ ጢሙ ሰፊ፣ ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰውዬ። ቀይ እስክሪብቶ ኪሱ ውስጥ፣ የስም መጥሪያ ደብተር ብብቱ ሥር። አንድ ሕግ አለው፤ ፋሺንግ ከሚሉት የቅበላ ጭፈራቸው ሰልፍ በኋላ ሦስት ሐሙስ የቀረ ሰው በዚያ በጋ አይሰለፍም። የሚስቱን ወንድም ሳይቀር አስቀርቶ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ተኳርፈዋል አሉ። በዚያ ኅዳር ትልቁን ታምቡር የሚመታው ሰውዬ ወገቡን ታሞ ቀረ። ትልቁ ታምቡር ከሌለ ሰልፍ የለም፤ ሁሉም እግሩን የሚያነሳው በሱ ነው። ሰው ቢፈልጉ አጡ። እኔ ደግሞ ያን ሐሙስ ኮሪደር ላይ ቆሜ እስኪወጡልኝ እየጠበቅሁ በመወልወያው እንጨት ባልዲውን እመታለሁ፤ እጄ ነው እንጂ እኔ አላወቅሁም። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩ፤ በደብሩ ከኔ ወዲያ አልነበረም፣ ይሄን ስል አላፍርም። ብረት ደወል የምትመታው ሄልጋ፣ ያቺ ሳቂታ የዳቦ ቤት ሻጭ፣ ሰማችኝና እጄን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ።

የመጀመሪያው ቀን አሳፈርኳቸው። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየሞቀ፣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ እኔም እንደለመድኩት ሳሞቀው ማርሹ ሩጫ ሆነና ዋሽንት ነፊዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። ሆርስት አልሳቀም። እዚህ ታምቡር አይዘፍንም፣ ይራመዳል አለኝ። ያንን ለመማር ገናን አለፍኩ። ፍሉግሃፈን የሥራ ጓደኛዬ ሰናይት፣ የአስመራ ልጅ ናት፣ ሐሙስ ሲደርስ ሺሽት፣ የሥራ ተራዋን፣ ትቀይርልኝና አሁን ደግሞ ወታደር ሆንሽ እያለች በአስመራ ቅላጼዋ ታሾፍብኛለች። ግድ አልነበረኝም። ማንም ሰው፣ የትም ቦታ፣ እኔ ከሌለሁ የማይሆን ነገር ኖሮት አያውቅም ነበር። ሆርስት ለበጋው ውድድር ስማችንን ልኮ፣ ትልቁ ታምቡር ከሚለው ጎን የኔን ስም ጽፎ አሳየኝ። እታገኝ የሚለውን ሲጽፍ ሦስት ፊደል ስቷል፤ ያንን ወረቀት ግን ለሰናይት ለማሳየት ለመንኩት።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ከበሮ አይመታም፤ ቤተ ክርስቲያን ከበሮውን ታሳርፋለች። ሰናይት ያ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ነው፣ ይሄ የነጭ ታምቡር ነው፣ ምን አገናኛቸው ብላ ተከራከረችኝ። ልክ ሳትሆን አትቀርም። እኔ ግን ከአገሬ ስወጣ ስንቱን ነገር ጥዬ ወጥቻለሁ፤ ጾሙን አልጣልኩም። ያንን እንዳለ ይዤ ድንበር የተሻገርኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም። ሃምሳ አምስት ቀን ደግሞ ስምንት ሐሙስ ማለት ነው፤ የሆርስት ሕግ ሦስት ነው። በጊዜ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ይሄው ነው የኛ ሰው በሽታ። ሆርስት በኅዳር እስከ በጋ ትችያለሽ ሲለኝ እሺ ብያለሁ፤ በጥር ሲጠይቀኝም እሺ ብያለሁ፤ ሁዳዴ እንደሚመጣ እያወቅሁ፣ ፊቱን እያየሁ እንዴት እንቢ ልበለው? የመጀመሪያው ሐሙስ ለሄልጋ ደውዬ ሺሽት ገባሁ አልኩ። በሁለተኛውም ሺሽት አልኩ። በጾም መዋሸቴ ደግሞ ጾሙን ምን እንዳደረገው እግዜር ይወቀው። ጠረጋዬንም ወደ ዓርብ አዛውሬ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በስድስት ተኩል፣ በነሱ ሰዓት ማለቴ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ አሁን እንዲህ እያደረጉ ነው፣ አሁን እዚያ መታጠፊያ ደረሱ እያልኩ አለቀስኩ። ትልቋ ሴትዮ ለታምቡር ታለቅሳለች።

ሦስተኛው ሐሙስ በነሱ አምስት ሰዓት ላይ የቤቴ ደወል ተደወለ። ሆርስት ነው። አራተኛ ፎቅ በእግሩ ወጥቶ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ቀይ ሆኖ ያለከልካል። ጀርመን ደግሞ ሳይነግር ሰው ቤት አይመጣም። አስገባሁት፣ ወንበር ሰጠሁት፣ ምስር ወጥ አቀረብኩለት፤ በጣቱ ለመብላት ሲታገል አየሁና ማንኪያ አመጣሁ። ግማሹን ከበላ በኋላ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ኤታ፣" አለኝ፤ እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ፤ "ምን አደረግንሽ?"

 ሺሽት ልል አፌን ከፍቼ፣ በጾም ሦስተኛ ውሸት ሊሆንብኝ መሆኑ ትዝ አለኝ።

"እናንተ ምንም አላደረጋችሁኝም። ጾም ነው። በጾም ከበሮ አልመታም። ይሄን ብነግራችሁ ሌላ ሰው ታመጣላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

ማንኪያውን እንደገና አነሳ።  ከዚያ ስለ ልጅነቱ ይነግረኝ ጀመር። ያደገበት መንደር ካቶሊክ ነው፤ ከፋሲካ በፊት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይታሰራል፣ አይደወልም፤ ልጆች በየደጁ እንጨት እያንቀጫቀጩ ሰዓቱን ለሰው ይናገራሉ። እሱም ልጅ ሆኖ እንጨት ይዞ ዞሯል። ስለዚህ ይገባኛል አለኝ። ለስንት ቀን ነው ብዬ ስጠይቀው ለሁለት ቀን ተኩል አለ። የኔ ሃምሳ አምስት ነው ስለው ምስሩ ትን አለው። ውሃ ሰጥቼው እስኪረጋጋ ድረስ ዐይኑ ከበሩ ጀርባ የቆመው መቋሚያ ላይ ዐረፈ። አባ ተክሌ የሰጡኝ ነው፤ በወር አንዴ ከሌላ ከተማ በባቡር እየመጡ የሚቀድሱልን ቄስ ናቸው፤ ስንጥቅ አለውና ጠግነሽ ተጠቀሚበት ብለውኝ ነበር። ይሄስ ምንድነው አለ። ይሄ በጾም ይፈቀዳል፤ ከበሮው ሲያርፍ በዚህ ወለሉን እየመታን ነው የምንዘምረው አልኩት። ሰዓቱን አየ። ተነስቶ መቋሚያውን በሁለት እጁ አንስቶ ሰጠኝና ኮትሽን ልበሺ አለኝ። ስድስት ተኩል ሊሆን ሠላሳ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። በኋላ ደጋግሜ ያሰብኩት ይሄንን ነው፤ ሰውየው ሕጉን አልጣሰልኝም፣ ሦስተኛው ቀይ መስመር ሳይሰመር ቀድሞ መጣልኝ።

አዳራሹ መሃል አቆመኝ። ለሌሎቹ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ትልቁ ታምቡር እስከ ኤታ ፋሲካ ድረስ ያርፋል። መጀመሪያ ላይ ተሳሳቁ። መቋሚያው ወለሉን ሲመታ ቋ፣ ቋ ይላል እንጂ እንደ ታምቡር ሆድ አያናውጥም፤ እንዲሰሙት ትንንሾቹ ታምቡሮች ድምፃቸውን መቀነስ ግድ ሆነባቸው፣ እነሱ ሲቀንሱ ደግሞ የዋሽንቶቹ ስህተት ሁሉ አደባባይ ወጣ። አንዱ ክሮአት ለካ ስድስት ዓመት ሙሉ ስቶ ሲነፋ ኖሯል። በሁለተኛው ሳምንት ሃውስማይስተሩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና አለቃ፣ ወለሌን በሳሽው ብሎ ጮኸ፤ እውነትም ነቁጥ በነቁጥ አድርጌዋለሁ። ሆርስት በሚቀጥለው ሐሙስ ከክራንች ሱቅ የጎማ ቆብ ገዝቶ መጥቶ ታችኛው ጫፍ ላይ ገጠመልኝ። አሁንማ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ነገር ስለሌለ ሠላሳ ሰው ዐይኑን እኔ ላይ ጥሎ ተራመደ። እጄ ከፍ ሲል እግራቸው ከፍ ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። አውሮፕላን ውስጥ ስንት ዓመት ሠርቻለሁ፣ መንገደኛ በላዬ አልፎ ቦርሳውን ያወርዳል እንጂ አያየኝም።

የነሱ ፋሲካ አለፈ፣ የኛም ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሐሙስ ትልቁን ታምቡር ታጥቄ የመጀመሪያውን ምት ስመታ ሄልጋ ደንግጣ የብረት መምቻዋን ጣለች፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፣ ሆርስትም ሳይቀር። በበጋ ለውድድር ሄድን። ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል፣ ኮቱ ሱፍ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ የሌላ ከተማ ማኅበር እየተሟሟቀ ሰማይ ምድሩን በታምቡር ያናውጠዋል። ሜዳው ላይ ገብተን ማርሹን ስንጀምር የራሴን ምት ራሴ አልሰማሁትም። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ቀና ስል ግን ሰልፉ ሲታጠፍ ሁሉም በጎን ዐይናቸው ክንዴን እያዩ ነው። መስመሩ ሳይዛባ ታጠፈ፤ ያ ሁለት ወር የፈጀ መታጠፊያ። ከእኛ በፊት የነበሩት በዚያው ጫጫታ ተበታትነዋል። ሁለተኛ ወጣን። አንደኛ አልወጣንም፣ አልዋሽም፤ አንዱ ክሮአት አሁንም አንድ ቦታ ስቷል። ሆርስት መጥቶ ጓንቱን አውልቆ ጨበጠኝና፣ ሃምሳ አምስት ቀን! አለኝ።

አውቶቡሱ ውስጥ ደብተሩን አውጥቶ የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካሽ መቼ ነው አለኝ። ይለዋወጣል ስለው ፊቱ ተለወጠ፤ ጀርመን ነውና እንዴት ቀኑ ሳይታወቅ ይኖራል። ለአባ ተክሌ ነገርኳቸው። ሳቁና በባሕረ ሐሳብ አስልተው የሠላሳ ዓመት ፋሲካ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉለት፤ እኔ ከጎኑ በነሱ አቆጣጠር ገለበጥኩት። ከታች አባ በአማርኛ አንዲት መስመር ጨመሩ። ሆርስት ምን ይላል ቢለኝ፣ ማስረዳቱ ታክቶኝ ምርቃት ነው አልኩት። ወረቀቱን ፕላስቲክ አልብሶ የታምቡር ቁም ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጠፈው። ስድስት በጋ ተሰለፍኩ። ከዚያ ትከሻዬ እንቢ አለ፣ ቤቱም ኪራይ ጨመረና ከተማው ዳር ያለ ቦናመስ የሚባል ሰፈር ገባሁ፤ መቋሚያውን እዚያው ተውኩላቸው። አባ ተክሌ ዐረፉ፣ ሆርስትም ዐረፈ። ሄልጋ ደግሞ ልጇ ዘንድ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። እኔም ያ ነገር አብሯቸው የተቀበረ መስሎኝ ኖርኩ።

እና አሁን ሱቁ ውስጥ፣ ልጅቷን ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ ዘንግ ለምንድነው አልኳት። የፌራይናችን ነው አለች። ከፋሺንግ በኋላ ትልቁን ታምቡር ቁም ሳጥን ውስጥ እንቆልፍና በዚህ ነው የምንለማመደው። ለምን ብላት ትከሻዋን ሰበቀች፤ ድሮም እንዲሁ ነው፣ የጥንት የጋሉስ ባህል መሰለኝ አለች። የጥንት! ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስኩ። እስከ መቼ ነው ታዲያ የምትቆልፉት አልኳት። ልጅቷ ተናደደች፤ በኔ አይደለም፣ በነገሩ። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፣ በየዓመቱ ከሱ እናያለን፣ ዘንድሮ ግን የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስን፣ ለሚቀጥለው ምን እንደምናደርግ አናውቅም አለች። ከታች ማንም የማያነበው ጽሑፍ አለ፣ ምናልባት እዚያ ተጽፎ ይሆናል ብላ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን አሳየችኝ። ፕላስቲኩ ቢጫ ሆኗል። የኔ ቁጥሮች፣ የአባ ተክሌ እጅ ጽሕፈት። ዐይኔ ሞልቶ ስለነበር ሁለቴ አነበብኩት።

"ያነቡታል እንዴ?" አለች ልጅቷ።

"አዎ። የቀረውን በሕይወት ያለ ይጻፈው ይላል።"

ጎማውን ጠበቅ አድርገሽ ግጠሚው፣ ሃውስማይስተሩ ይቆጣል አልኳትና ሐሙስ አሁንም በስድስት ተኩል መሆኑን ጠይቄ ወጣሁ፤ የራሴን ጎማ ሳልገዛ።

ትናንት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የአሁኑ ቄሳችን ወጣት ናቸው፣ በስልካቸው አወጡልኝ፤ እኔ በእጄ ገለበጥኩት፣ ሠላሳ ዓመት። ከታች የአባ ተክሌን መስመር እንዳለ ደገምኩት። ዛሬ ሐሙስ ነው። ከሦስት አልፌ ስንት ሐሙስ እንደቀረሁ ሆርስት ቢኖር በቀይ እስክሪብቶው ያሳየኝ ነበር። ገና በነሱ አምስት ሰዓት ነው፤ ከቦናመስ ጋሉስ ደግሞ ሩቅ ነው። ዛሬ ደወሌን የሚደውል ሰው አልጠብቅም፤ ኮቴን ለብሼ፣ ወረቀቱን ይዤ፣ በሩን ከፍቻለሁ።